የአባዬን ሙስታንግ ላዳነልን መካኒክ፦ ለሱ ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አካባቢ አሮጌ መኪና ይዛችሁ ከጋራዥ ጋራዥ የምትንከራተቱ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው፣ ትንሽ የሆድ ብሶትም አለበት።

አባዬ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ነድቶ ነው ያሳደገን። ጡረታ ሲወጣ ለራሱ የገዛው ነገር ቢኖር አንድ የ1966 ፎርድ ሙስታንግ ነው። ቀይ፣ ባለ ቪ8 ሞተር፣ ድምፁ ሰፈር የሚቀሰቅስ። እማዬ "ሁለተኛዋ ሚስትህ" ትለዋለች። የመኪናው ችግር መሄድ ላይ ሳይሆን መቆም ላይ ነበር። አራቱም ጎማ ላይ የድሮው የታምቡር ፍሬን ነው ያለው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይደክማል፣ ዝናብ ሲመታው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ቨርጂኒያ ውስጥ የአንቲክ ታርጋ (ለድሮ መኪና የሚሰጠው) ያለው መኪና ደግሞ ዓመታዊ ምርመራ አይገደድም። "ፍሬንህን አሠራ" የሚለው ሰው የለም፤ ከኔ በቀር።

የመጀመሪያውን ጋራዥ ስም አልጠራም። አባዬ ትልልቅ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አማረው፣ ከነጎማው ሸጡለት። ፍሬኑን ዞር ብሎ ያየው የለም። መሪው ሙሉ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈጨዋል። ተመልሰን ስንነግራቸው "እንግዲያው ሙሉ አታዙሩት" አሉን። እውነቴን ነው! ሁለተኛው ጋራዥ ቀብድ ተቀብሎ "ዕቃው መንገድ ላይ ነው" እያለ ወራት በላብን። ያም ይሁን። የባሰኝ ሌላ ነው፤ አባዬ ሲጠይቃቸው መልሱን የሚሰጡት ለኔ ነበር። እንግሊዝኛው እኮ ይገባዋል! እኔ ስለ መኪና የማውቀው ቤንዚን መቅዳት ነው። አባዬ በኋላ መጠየቁን ተወው። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት አንድ አበሻ መካኒክ ጠቆመችን። ሥራውን አዲስ አበባ ቮልስ እየፈታ የተማረ ሰው ነው። ገና ስንገባ "ጋሼ፣ የት የት ነው የሚነዱት?" ብሎ ጠየቀ። አባዬን፣ እኔን አይደለም። ቀጥሎ ተንበርክኮ በስልኩ መብራት የጎማውን ጎን አነበበ። "አዲስ" ተብሎ የተሸጠልን ጎማ መጨረሻው 3109 ይላል። የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው፤ በፈረንጅ 2009 መሆኑ ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። ውጡና የራሳችሁን እዩ፣ የምሬን ነው።

መኪናውን ወደ ላይ አንስቶ አባዬን ከሥሩ አስገባው። ዕቃውን እያስያዘ አስረዳው። የኛው መኪና የፍሬን ዘይት ቋቱ አንድ ወጥ ስለሆነ፣ የሆነ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ በአንዴ ፍሬን ያጣል። ለሁለት የተከፈለው ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ነው የገባው። እኔ ይህን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ልጆቼ ስንቴ ተሳፍረውበታል! አባዬ ግን ፊቱ በርቷል። የሚያናግረው ሰው አገኘ። ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ የዞረበት ዘመን ሳይቀር ተነሣ። መካኒኩ ሥራ እያለበት፣ አንዴም ሰዓቱን ሳያይ አዳመጠው።

"ጋሼ፣ ቸርኬው ያምራል፣ ግን ለዚህ መኪና ይተልቃል" አለው በመጨረሻ። ቅድሚያ ፍሬኑ፣ ቸርኬ ከሱ በኋላ ይመረጣል። በፊት ጎማዎቹ ታምቡር ፈንታ የዲስክ ፍሬን ከገባ የድሮው 14 ኢንች ቸርኬ አላስገባም ሊል ይችላል። አባዬ የሰው ምክር ሰምቶ እሺ ሲል አይቼ አላውቅም ነበር። 15 ኢንች ላይ ተስማሙ። ዲስኩ ገባ፣ ቋቱ ባለ ሁለት ክፍል ሆነ፣ ሞላው፣ አሞርዛተሩ፣ ባሌስትራው ተቀየረ። ከዚህ በላይ እኔን አትጠይቁኝ።

የተነገረንና የከፈልነው ዋጋ አንድ ነው። የተፈታውን ዕቃ ሁሉ በካርቶን አድርጎ መለሰልን። እማዬ የምትጥልበትን ቀን እየጠበቀች ነው።

ባለፈው እሁድ አባዬ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ እስከ ማውንት ቨርነን ወሰደኝ። ድሮ ቀይ መብራት ሲታየኝ የኔም እግር ወለሉን ይረግጥ ነበር። አሁን መኪናው ወዲያ ወዲህ ሳይል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ። እናንተም ሂዱ፣ ደግሜ እላለሁ ሂዱ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። ቅዳሜ ወረፋ ስላለው ቀድማችሁ ደውሉ። ቸርኬ ብቻ ቀይርልኝ ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት ግን፣ ፍሬኑን ሳያይ አይነካላችሁም።