ሆዱ ውስጥ አበባ የተደበቀበት ኬክ፦ ከተሩን ግዙ፣ መጋገሪያውን ተዉት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። «ውስጡ ቅርጽ ያለው ኬክ» ተብሎ በአንድ ካርቶን ታሽጎ ከሚሸጠው ዕቃ ውስጥ ዋጋቸውን የሚያወጡት ከተሮቹ ናቸው፤ ኬኩን በቅርጽ የሚቆርጡት ትንንሾቹ ብረቶች። ትልቁ ጥቁር መጋገሪያ ካርቶኑን ለመሙላት የገባ ነው የሚመስለው። መመሪያው ደግሞ አዲስ አበባን ጭራሽ አያውቃትም።

ዕቃውን ያገኘሁት መርካቶ፣ የኬክ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ ነው። የሱቁንም የአምራቹንም ስም አላነሳም። ያው ዕቃ በሌላ ካርቶን ሌላ ሱቅ ውስጥ ስለሚገኝ ስሙ ብዙም አይጠቅማችሁም። ዋጋው ከአንድ ኪሎ የገበታ ቅቤ ብዙም አይርቅም፤ እሱም ተከራክሬ ነው። ካርቶኑ ውስጥ 23 በ13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ረዘም ያለ መጋገሪያ አለ። አምስት ከተሮች አሉ፦ አበባ፣ ኮከብ፣ ልብ፣ ጥድና ክብ። አንዲት ጠርሙስ ቀይ የምግብ ቀለምና አራት ቦታ የታጠፈ የመመሪያ ወረቀትም አለ።

ይህን ኬክ አይታችሁ ለማታውቁ፦ ከውጭ ሲታይ ኬክ ቤት ገብተን ኢንግሊሽ ኬክ ብለን የምንገዛው ዓይነት ነው። ቢላ ሲገባበት ግን ከእያንዳንዱ ቁራጭ መሀል ያው ቅርጽ ይወጣል። ምስጢሩ ሁለት ጊዜ መጋገሩ ነው። መጀመሪያ ባለ ቀለሙን ኬክ ትጋግራላችሁ። ሲቀዘቅዝ ትቆራርጡትና በከተር ቅርጹን ታወጡለታላችሁ። ቅርጾቹ ፍሪዘር ገብተው ይጠነክራሉ። ከዚያ መጋገሪያው ውስጥ ተጠጋግተው ይሰለፋሉ፣ ሌላ ሊጥ ይፈስባቸዋል፣ ተመልሰው ኦቨን ይገባሉ።

እኔ የፈለግኩት ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ነገር ነው። ካካዎ ኬክ ውስጥ ቢጫ አበባ። የካርቶኑ አበባ ስድስት ቅጠል ብቻ ነው ያለው። አደይ አበባ ቅጠሏ ከዚህ ይበዛል፣ ግን ማንም አልቆጠረብኝም።

ስለ ከተሮቹ ላውራ፣ ምክንያቱም የምወደው እሱን ነው። አበባው 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። የማይዝግ ብረት ነው፤ ታጥቦ እርጥቡን ቢያድርም ብየዳው ላይ ዝገት አላየሁበትም። የላይኛው ጠርዝ ወደ ውጭ ስለተጠቀለለ ስትጫኑት መዳፍ አይቆርጥም። የታችኛው ጠርዝ ግን ስለታም ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በፊት የነበሩኝ የፕላስቲክ ከተሮች ኬኩን አይቆርጡም፤ ይጨፈልቁታል። ቅርጹ ሲወጣ ዳር ዳሩ ይፈረፈራል። የተፈረፈረ ቅርጽ ላይ ሊጥ ሲፈስ ድንበሩ ይጠፋል፣ ከተጋገረ በኋላ አበባ ሳይሆን ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል። በዚህኛው ከተር የወጣ አበባ ግን የቅጠሎቹ መጋጠሚያ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥልቀቱም በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ኬኩን 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ብትቆርጡት ከተሩ እስከ ታች ይደርሳል። ከ23 ሳንቲ ሜትር ኬክ ዘጠኝ ቁራጭ ይወጣል፣ ዘጠኙ አበባ ተደርድሮ መጋገሪያውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሞላዋል። ይሄን ያሰበ ሰው ተባረክ ብያለሁ። ዝም ብለው የሚሸጧቸው የብስኩት ከተሮች አብዛኞቹ ጥልቀት ስለሌላቸው ቁራጩን ማሳሳት ይጠይቃሉ። ያኔ የአበባው ብዛት ይጨምራል፣ ሰልፉም በቀላሉ ይጣመማል።

የቀሩትን ቅርጾች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ክቡ ምንም ችግር የለበትም፣ ምንም ደስታም የለውም። ኮከቡ ያምራል፣ ጫፎቹ ግን ቀጭን ስለሆኑ በእጅ ሲነሱ ይሰበራሉ፤ ከፍሪዘር እንደወጣ ካልደረደራችሁት አይሆንም። የጥዱ ግንድ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ነው፣ አልቆመልኝም። ልቡ ትልቁ ጥፋት ነው። ቁመቱ 7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የመጋገሪያው ጥልቀትም 7 ነው! ከሥሩ ሊጥ ሲገባ ልቡ አናቱን አውጥቶ ይቆማል፣ ኦቨን ውስጥ ይደርቃል፣ ይጠቁራል። ምስጢሩም ከላዩ ላይ ይነበባል። አንድ ካርቶን ውስጥ አብረው የታሸጉ ዕቃዎች እንዴት አይተዋወቁም?

ወደ መጋገሪያው እንምጣ። ጥቁር ነው፣ ስስ ነው፣ «አይጣበቅም» ተብሎለታል። ጥቁር መጋገሪያ ሙቀት ቶሎ ስለሚስብ ዳሩን ቀድሞ ያበስላል። ለተራ ኬክ ሙቀቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ መገላገል ይቻላል። ለዚህ ኬክ ግን ይብሳል፣ ምክንያቱም መሀሉ ላይ በረዶ የሆነ አበባ ተቀምጧል። ውጩ ቡናማ ሲሆን አበባው ሥር ያለው ሊጥ ገና ጥሬ ነው። አሮጌው የአሉሚኒየም መጋገሪያዬ፣ መልኩ የነጣው፣ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል። አለመጣበቁም ቢሆን ከአፍ ያለፈ አይደለም። ወረቀቱ «ቅባትም ሆነ ወረቀት አያስፈልግም» ይላል፤ የካካዎው ኬክ ማዕዘኑን እዚያው ትቶ ወጣ። የመጋገሪያ ወረቀት በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ተርፎ እንዲንጠለጠል አድርጋችሁ አንጥፉ። ኬኩን በዚያ ይዛችሁ ማውጣት ነው።

አሁን ስለ መመሪያው። ለዚህ ጽሑፍ ስል መጀመሪያ ቃል በቃል እሱ እንዳለው ነው የሠራሁት። ለ250 ግራም ፉርኖ ዱቄት ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይላል፤ 180 ዲግሪ፣ 45 ደቂቃ። ይሄ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ይሆን ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እንኳ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ስለሳሳ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ እንደልቡ ይለጠጣል። ኬኩ ሳይበስል በፊት ተንጠራርቶ ይነሳና መሀሉ ዝቅ ይላል። በተራ ኬክ ላይ ክሬም ጣል ይደረግበታል፣ ማን አየው። እዚህ ግን ሊጡ ሲነሳ አበባዎቹንም ይዟቸው ይነሳል፣ ሲወድቅም ይጥላቸዋል። ስትቆርጡት አንዱ አበባ ላይ፣ አንዱ ታች፣ አንዱ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሩብ አወረድኩት። ስኳሩን አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀነስኩ፣ እርጥበቱ ቶሎ ስለሚተን ሁለት ማንኪያ ወተት ጨመርኩ። ሊጡ ወፍራም መሆን አለበት። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤና እንቁላል እኩል በእኩል፣ እያንዳንዱ 250 ግራም፤ የድሮው ስሌት ለዚህ ሥራ አሁንም አይደረስበትም። እንቁላሉን በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ለኩ፣ የሐበሻና የፈረንጅ እንቁላል መጠናቸው አይገናኝም። ለቢጫው ኬክ ካገኛችሁ የሐበሻውን ውሰዱ። አስኳሉ ራሱ ግማሹን ቀለም ይሠራላችኋል።

ግማሹን ቀለም ደግሞ እርድ ይሠራዋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ከቫኒላና ከተፈቀፈቀ የብርቱካን ልጣጭ ጋር ሲገባ ወጥ ወጥ አይልም። ብቻ ሶዳ አታስገቡበት፤ እርድ ሶዳ ሲነካው ወደ ቀይ ይሄዳል። ከካርቶኑ የወጣችውን ቀይ ቀለም ሞክሬያት ነበር፣ ለልቡ ብዬ። ውሃ ውሃ ትላለች። ጠርሙሷን ግማሽ አፍስሼ ያገኘሁት የደበዘዘ ሮዝ ነው፣ ሊጡም ቀጠነ። ቀይ የምትፈልጉ ወፈር ያለውን የጄል ቀለም ግዙ። ቀይ ሥር እንዳያታልላችሁ፤ ሊጡ ላይ ሲታይ ልብ ያጠፋል፣ ከኦቨን ሲወጣ ቡኒ ነው።

መመሪያው የሳታቸውና ዝም ያለባቸው ነገሮችም አሉ። አንደኛው፣ ለሁለተኛው ዙር ያንኑ ያህል ሊጥ አዘጋጁ ማለቱ ነው። አበባዎቹ ቦታ ይይዛሉ እኮ! ሙሉውን ብታፈሱት ኦቨኑ ወለል ላይ ነው የሚያልቀው። ሩብ ያህሉን ቀንሱለት፣ ወይም የተረፈውን በትንንሽ ኩባያ ጋግሩት። ከቢጫው ኬክ የሚተርፈው ፍርፋሪም ትንሽ አይምሰላችሁ፤ ከግማሽ በላይ ነው። እኛ ቤት በወተት ተበልቶ ያልቃል፣ ልጆቹ ከዋናው ኬክ ይልቅ እሱን ነው የሚጠብቁት።

ሁለተኛው፣ መብሰሉን ማየት። ሁላችንም ስቴኪኒ መሀል ላይ እንወጋለን። እዚህ መሀሉ ቀድሞ የበሰለ አበባ ነው፤ ስቴኪኒው ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ሊጡ ግን ጥሬ ሊሆን ይችላል። ከጎን በኩል፣ በአበባውና በግድግዳው መካከል፣ እስከ ታች ውጉት። በ170 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት በታች አልጨረሰልኝም። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት። መብራት ከጠፋባችሁ ደግሞ የኦቨኑን በር አትክፈቱ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ሦስተኛው፣ አደራደሩ። ከሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሊጥ አንጥፉ። አበባዎቹን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ወዲያው አቁሟቸው፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ ቅጠል ከቅጠል እየተገጣጠመ። በመሀላቸው ክፍተት ካለ ሊጡ ይገባና ያጋድማቸዋል። ከዚያ ሊጡን በሁለቱም ጎን እኩል እየጨመራችሁ ሂዱ። በአንድ ጎን ብቻ ካፈሰሳችሁት ሰልፉ ተገፍቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እኔ ሊጡን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጨምሬ ጫፉን ቆርጬ ነው የምጠቀመው። በማንኪያ ከሚደረገው ይልቅ እጅ ይታዘዛል።

የተሳካው ኬክ ሲቆረጥ የጎረቤቴ እናት ነበሩ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፣ ሳህኑ ላይ መለሱት።

«ይሄ አበባ በየት በኩል ገባ?»

«ተጋግሮ ነው እማማ።»

«እሱማ ተጋግሯል። መግቢያውን ነው የጠየቅኩሽ።»

ሁለተኛውን ቁራጭ ራሳቸው ቆረጡ፣ ለማረጋገጥ። ሦስተኛውንም። ኬኩ ከቡና በፊት አለቀ።

እንግዲህ ካርቶኑን ሙሉ መግዛት አለባችሁ? ቤት ውስጥ ነጣ ያለ ረጅም መጋገሪያ ካላችሁ አይመከርም። ባለ 5 ሳንቲ ሜትር የብረት ከተር ለብቻው የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ፦ ጥልቀቱን፣ እና ብየዳው ላይ ጣት ሲያልፍ ይሻክር እንደሆነ። ምንም ዕቃ የሌለው ጀማሪ ግን ካርቶኑን ቢገዛ አልቃወምም፤ ልቡን ለብስኩት ያድርገው፣ ወረቀቱን ይጣለው።

ለጾም የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይሠራል። ያለ እንቁላልና ቅቤ፣ በዘይትና በአምቦ ውሃ የተጋገረ ኬክ ልል ስለሆነ ግን እንዲሁ ከተር ሲያርፍበት ይበተናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ቁራጮቹን መጀመሪያ ፍሪዘር አስገቡ፣ በደንብ ሲጠነክሩ ቅርጹን አውጡ፣ ቅርጹንም መልሳችሁ ፍሪዘር ክተቱት። ኮከቡን ለጾም ባትሞክሩት ይሻላል። አበባውና ክቡ ግን ረቡዕም ዓርብም አላሳፈሩኝም።