የአረጋውያን ስፖርት ለውጥ በምን ይለካ? ወንበር፣ የ6 ደቂቃ እርምጃ ወይስ ስማርት ሰዓት

ከሦስት ወር እንቅስቃሴ በኋላ እማማ ከወንበር መነሣቱ ቀለላቸው ወይስ አልቀለላቸውም? ለአረጋውያን ስፖርት የሚያዘጋጅ ጂም፣ እድር ወይም ጤና ጣቢያ ይህን በቁጥር መመለስ ካልቻለ ገንዘቡ የት እንደገባ አያውቅም። መለኪያው ብዙ ነው፣ ዋጋውም የተራራቀ። ሰሜን ሸዋ ላይ ሆኖ ለሚመርጥ ሰው ልዩነታቸው ይህን ይመስላል።

እኔ የማስቀድመው የወንበሩን ፈተና ነው። አረጋዊው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ቀጥ ብለው ተነሥተው እንደሚቀመጡ ይቆጠራል። የሚያስፈልገው የስልክ ሰዓትና መደገፊያ ያለው፣ የክንድ ማሳረፊያ የሌለው፣ ቁመቱ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጠንካራ ወንበር ነው፤ ግድግዳ አስደግፉት። በርጩማና ሶፋ አይሆኑም፤ መቀመጫው ዝቅ ባለ ቁጥር መነሣቱ ይከብዳልና የዛሬው ቁጥር ከወር በኋላ ካለው ጋር አይወዳደርም። ጋቢም ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ይውለቅ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ይህን ለመጠየቅ ቤቱን አስቀድሞ ማሞቅ ደግ ነው። በአሜሪካ የመውደቅ መከላከያ መመሪያ ከ70 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች ከ10 በታች፣ ወንዶች ከ12 በታች ካመጡ የመውደቅ ስጋት አለባቸው ይባላል። ግን ብዙዎቹ አረጋውያኖቻችን የልደት ወረቀት የላቸውም፤ ዕድሜያቸው በግምት ነው የሚነገረው። ስለዚህ በዕድሜ የተከፈለውን ሰንጠረዥ ከማመን ሰውን ከራሱ ጋር ማወዳደር ይበልጣል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ተነሥቶ የመራመድ ፈተና ነው፤ ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ። ምርኩዝ የለመደ በምርኩዙ ይሂድ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ የፈጀበት ሰው ሚዛኑን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ፈተናዎች አንድ ላይ ለአንድ ሰው ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፉም።

ሐኪሞች የሚወዱት ሦስት ክፍል ያለው ፈተና (ሚዛን፣ የእርምጃ ፍጥነት፣ አምስት ጊዜ መነሣት) ከ0 እስከ 12 ነጥብ ይሰጣል። ለደካሞች እጅግ ጥሩ ነው፤ የአንድ ነጥብ ለውጥ እንኳ ትርጉም አለው። በመንዝ ዳገት ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ብርቱ አዛውንት ግን ገና በመጀመሪያው ቀን 12 ሊያመጡ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ መሻሻላቸው አይታይም።

ለእንዲህ ዓይነቶቹ የ6 ደቂቃ እርምጃ ይሻላል፤ በስድስት ደቂቃ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄዱ ይለካል። 30 ሜትር ሜዳ ቦታ ይፈልጋል፤ እሱን ማግኘት ነው ችግሩ፣ በክረምት ጭቃ ደግሞ ይብሳል። ሌላው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከዚያ ግማሽ አትሞላም፤ አየሩ ሲሳሳ የሚጓዙት ርቀት ያጥራልና የሁለቱን ከተሞች ውጤት አታወዳድሩ። ከመጀመራቸው በፊት ደም ግፊት ይለካ፦ የላይኛው ከ180፣ የታችኛው ከ100፣ ወይም በእረፍት ላይ የልብ ምቱ ከ120 ካለፈ ፈተናው ይቅርና ሐኪም ይያቸው።

የእጅ ጭብጥ መለኪያ (በእጅ ጨምቀው ኃይልን የሚለኩበት መሣሪያ) እና ስማርት ሰዓት ላይ ገንዘብ እንዲወጣ አልመክርም። የመጀመሪያው ጥንካሬን በትክክል ይለካል፤ ነገር ግን እግር የሚያበረታ ፕሮግራም ጭብጥን ብዙም አይለውጥም። ስማርት ሰዓት ደግሞ ቀስ ብለው የሚራመዱትንና በምርኩዝ የሚሄዱትን ሰዎች እርምጃ አጉድሎ ይቆጥራል፤ ደንበኞቻችሁ ደግሞ እነሱ ናቸው።

መጠይቅ ርካሽ ነው፣ የመውደቅ ፍርሃትንም ከሌላው ሁሉ በተሻለ ያወጣል። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ባለ 16 ጥያቄው ድምሩ ከ16 እስከ 64 ነው፤ ሲበዛ ፍርሃቱ በዝቷል ማለት ነው። ማንበብ ለማይችሉ ጮክ ብሎ ይነበብ፤ የሚያነበው ግን አሠልጣኙ አይሁን። በይሉኝታ «ተሽሎኛል ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይሉታልና። ከመጠይቁ ውጭ አንድ ነገር ጨምሩ፤ ምን መቻል እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ ያሉ እናት ካሉ የፕሮግራሙ ግብ እሱ ነው።

ገንዘብ ለሚያጥረው እድር ወንበሩ፣ ሜትርና ጠመኔ፣ ከዚያ የደም ግፊት መለኪያ ይበቃሉ። ጤና ጣቢያና የሠለጠነ ሰው ያለበት ቦታ ባለ ሦስት ክፍሉን ይጨምር። የትኛውም ቢመረጥ ለኪው ያው ሰው ይሁን፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሰዓት ይለካ። የመጀመሪያው በፍስክ፣ ሁለተኛው በዐቢይ ጾም መካከል እንዳይወድቅ ቀኑን አስቀድማችሁ አስቡበት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ያልቀመሱ አዛውንት በወንበሩ ላይ ቢደክሙ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም።