ታፔላ የሌለው የኳስ ቤት

ጎንደር ውስጥ ኳስ የት ነው የምታዪው ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። መልሴ አንድ ነው። ከጃን ተከል ዋርካ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ፣ ታፔላ የሌለው ቤት አለ። በሩ ላይ የዕለቱ ጨዋታና ሰዓት በጠመኔ ይጻፋል። ጠመኔውን ካያችሁ ደርሳችኋል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። ሁለት ቴሌቪዥን አለ። ትልቁ ፊት ለፊት ነው፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ትንሹ በቀኝ በኩል ተሰቅሎ ሌላ ጨዋታ ያሳያል። ኮሜንታሪው በአማርኛ ከተገኘ በአማርኛ ይከፈታል። አግዳሚዎቹ የባሕር ዛፍ ናቸው፣ መደገፊያ የላቸውም። እረፍት ሳይደርስ ወገብ ይይዛሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ በክረምት ዝናቡ ሲወርድ ከኮሜንታተሩ አፍ የሚወጣ አንድ ቃል አይሰማም። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ ያውም አንድ ብቻ። መቀርቀሪያው የታጠፈ ሚስማር ነው። ይህን ለባለቤቱ ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። “ይሠራል፣ መምህርት” ይሉኛል። እስካሁን አልተሠራም። መብራት ሲጠፋ ግን ጄኔሬተሩ ቶሎ ይነሳል፣ ጎል አያመልጣችሁም።

ሲጋራ ክልክል ነው። ጫትም ክልክል ነው። ስድብም ክልክል ነው። እኔን እዚህ ያመጣኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ከዚህ በፊት ሌላ ቤት እሄድ ነበር። ሶፋ አለው፣ ስክሪኑ ግድግዳ ያክላል። አንድ ቀን አንድ ጥቁር ተጫዋች ኳስ አመለጠው። ከኋላዬ የተቀመጡ ልጆች የጠሩትን ስም እዚህ አልጽፈውም። የእንስሳ ስም ነው። ቤቱ ውስጥ ከነበርነው ሰዎች መካከል አንድም ነጭ አልነበረም! የሳቀ እንጂ ዝም በሉ ያለ ሰው አላየሁም። እረፍት ላይ ወጣሁ፣ ተመልሼም አልሄድኩም።

እዚህኛው ቤት ግድግዳ ላይ ሦስት ፎቶዎች አሉ። አንዱ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው ፋሲል ከነማ ነው። ሁለተኛው ማሞ ወልዴ ነው፣ በፈረንጅ 1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈ ጊዜ። ሦስተኛውም ከዚያው ኦሎምፒክ ነው። ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ። ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ሽልማታቸውን ሊቀበሉ ቆመዋል። ጫማቸውን አውልቀዋል። ዘረኝነትን በመቃወም ራሳቸውን ደፍተው ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተዋል። የአገራቸው መዝሙር እየተዘመረ ነበር። ከቡድናቸው ታግደው ሜክሲኮን ለቀው እንዲወጡ ተደረጉ። ማሞ ያሸነፈው እነሱ እጃቸውን ባነሱ በአራተኛው ቀን ነው። ባለቤቱ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን የሰቀሏቸው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ምሽት ነው።

ከጥምቀት በኋላ ያለው ቅዳሜ ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። የ12 ሰዓቱ ጨዋታ አልቆ የ2፡30ውን እየጠበቅን ነው። ከዋሽንግተን ለጥምቀት የመጣ ሰው አጠገቤ ተቀምጧል። የቀሃ ልጅ ነው፣ እዚያ ታክሲ ይነዳል። ፊት ለፊት ያለው ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ “ይሄን ፈረንጅ እዩልኝ!” አለ። አጭር ቪዲዮ ነው። የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ተጫዋች ድሩ ብሪስ ነው፣ የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች የነበረው።

ቪዲዮው የቆየ ነው። በፈረንጅ ሰኔ 3 ቀን 2020 የተናገረው ነው። ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ላይ በፖሊስ ከተገደለ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ጋዜጠኛው ተጫዋቾች መዝሙር ሲዘመር እንደገና ቢንበረከኩስ ብሎ ይጠይቀዋል። ብሪስም የአሜሪካን ባንዲራ ከሚያዋርድ ሰው ጋር መቼም አልስማማም ይላል። ሁለቱ አያቶቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደተዋጉና መዝሙሩን ሲሰማ እነሱ እንደሚታወሱት ያክላል።

ልጆቹ አጨበጨቡ። “ልክ ነዋ!” “ባንዲራ እኮ ነው!” “አያቶቹን ነው ያነሳው፣ ምን አጠፋ?” እውነቱን ልናገር፣ እኔም ቃሉ ልቤን ነክቶታል። ጎንደር ውስጥ አያቱ አርበኛ ያልሆነ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ባንዲራ ሲወጣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም እያየን ነው ያደግነው።

የዋሽንግተኑ ሰው ዝም ብሎ ሲኒውን ያዞራል። ባለቤቱ አዩት። ሪሞቱን አንስተው ድምፁን ዜሮ አደረጉት። ይህን ያደርጋሉ። ክርክር ሲነሳ ቴሌቪዥኑን ዝም ያሰኙና “እስኪ አንተ ጨርስ” ይላሉ። የጀመረው ሳይጨርስ ማንም አይገባም።

ሰውየውም ጀመረ። “መጀመሪያ ነገር፣ ባንዲራ የሰደበ ሰው የለም” አለ። ኮሊን ካፐርኒክ፣ እሱም የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ተጫዋች፣ በፈረንጅ 2016 መጀመሪያ ላይ ሳይንበረከክ፣ መዝሙሩ ሲዘመር ቁጭ ነበር ያለው። ፖሊስ ጥቁሮችን እየገደለ ነው ብሎ። ከዚያ ኔት ቦየር የሚባል የልዩ ኃይል ወታደር የነበረ ሰው አገኘው። ከምትቀመጥ ተንበርከክ፣ ወታደር በወደቀ ጓዱ መቃብር ፊት የሚንበረከከው እኮ ለክብር ነው አለው። ካፐርኒክም ሰማው። መንበርከኩን ያመጣው ወታደር ነው ማለት ነው። በዓመቱ ካፐርኒክ ከክለቡ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ክለብ አላስፈረመውም።

“የጥቁሮቹም አያቶች በዚያው ጦርነት ተዋግተዋል” አለ ቀጥሎ። “ግን ከነጮቹ ጋር በአንድ ክፍለ ጦር አልነበረም። ይሄ እንዲቀር ፕሬዚዳንቱ ያዘዙት በፈረንጅ 1948 ነው፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ። ሲመለሱም በአውቶቡስ ከኋላ ነው የተቀመጡት። እሱ አያቶቹን ሲያስታውስ እነሱም አያቶቻቸውን ያስታውሳሉ። እኔ ያኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሰው ለምን እንደተቆጣ በዓይኔ አይቻለሁ።”

ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ልጅ ግን አልተረታም። “ቢሆንም መዝሙር ላይ አይደረግም” አለ።

ባለቤቱ ሳቁ። “ፈይሳ ሌሊሳስ?” አሉት። “ሪዮ ላይ እጁን አጣምሮ ሲገባ ያኔ ልጅ ነበርክ። ባንዲራ ሰድቧል አልክ ወይስ አለቀስክ?” ልጁ መልስ አልነበረውም። ፈይሳ የብር ሜዳሊያውን ያገኘው በእኛ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 2016 ነው። ካፐርኒክ ተቀምጦ ዓለም ያየው ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ። ፈይሳ አገሩ የገባው ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ሁለቱን ነገሮች አገናኝቼ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። ኳስ ላይ ልቀመጥ መጥቼ ይህን ተማርኩ።

እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝና አንድ ቃል ጣልኩ። ጉልበት። በእኛ ቋንቋ የምንበረከክበትም ጉልበት ነው፣ ኃይልም ጉልበት ነው። ፖሊሱ ፍሎይድ አንገት ላይ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የጫነው ጉልበቱን ነው። ካፐርኒክ መሬት ያስነካውም ጉልበቱን ነው። ብሪስ የተጠየቀው ስለ ሁለተኛው ጉልበት ነበር፤ እሱም መሬት የነካው እንደ መጀመሪያው ያለውን ጉልበት ለመቃወም ነው። የመለሰው ስለ ባንዲራ ነው። የሰዎቹ ቁጣ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሰው ልጄን ቀበርኩ ሲላችሁ ለምን ጥቁር ለበስሽ ብላችሁ ስትቆጡ አስቡት።

ቁጣው ከሜዳው ውጭ አልቀረም። የራሱ ቡድን ተጫዋች ማልኮም ጄንኪንስ ስሜቱን መቆጣጠር እያቃተው በቪዲዮ ወቀሰው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሌብሮን ጄምስም መንበርከኩ ከባንዲራውም ከወታደሩም ጋር አይገናኝም፣ የሚስቴም አባት ወታደር ነበር አለ። ብሪስ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ።

“ፈርቶ ነው!” አሉ ልጆቹ። አሁን ደግሞ ተገለበጡ። ቅድም ያጨበጨቡለትን ሰው አሁን ፈሪ አሉት።

እዚህ ላይ ባለቤቱ የተናገሩትን አልረሳውም። “በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል” አሉ። “ፈርቶ ይምጣ፣ አፍሮ ይምጣ፣ ሚስቱ ገፍታው ይምጣ፣ ማንም አይጠይቀውም። ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ነው። አወረዱለት ወይ?” ብለው ወደ ዋሽንግተኑ ሰው ዞሩ።

አውርደውለታል። ማይክል ቶማስ የሚባለው የቡድኑ ተጫዋች ይቅርታውን ተቀብያለሁ፣ ክርስቲያን ስንሆን የተማርነው ይህን ነው ብሎ ጻፈ። ሁሉም ግን አልተቀበለም። ያልተቀበሉትንም አልፈርድባቸውም፣ ይቅር ለእግዜር የሚባለው የቆሰለው ሰው ሲችል ነው። ከዚያ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ይቅርታ መጠየቅ አልነበረብህም አሉት። ብሪስም ነገሩ የባንዲራ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ሆኖም እንደማያውቅ በአደባባይ መለሰላቸው። ለእኔ እውነተኛው ይቅርታ ይሄኛው ነው። የመጀመሪያውን የጻፈው ተቆጥተውት ነው። ሁለተኛውን የጻፈው ቃልህን እጠፍ፣ እኔ አለሁልህ ለሚለው ትልቅ ሰው ነው። ለልጆቹም ይህንኑ አልኳቸው። ያልተስማሙኝ ነበሩ።

አንዱ “ዛሃስ?” ብሎ አነሳ። ዊልፍሬድ ዛሃን ነው። እንግሊዝ ውስጥም ተጫዋቾች ዘረኝነትን በመቃወም ከጨዋታ በፊት ይንበረከኩ ነበር። ያኔ የክሪስታል ፓላስ ተጫዋች የነበረው ዛሃ በፈረንጅ 2021 መንበርከኩን ተወ። መንበርከክ ያዋርዳል፣ ወላጆቼ ጥቁር በመሆኔ እንድኮራ ነው ያሳደጉኝ፣ ቀጥ ብለን እንቁም ነው ያለው። እሱም ጥቁር ነው፣ እሱም ዘረኝነት ደርሶበታል። ልጆቹ ግራ ገባቸው። ታዲያ የቱ ነው ልክ?

ከኋላ አግዳሚ አንድ ድምፅ መጣ። “ቲቸር፣ እርስዎም እኮ ያንበረክኩን ነበር።”

ዞር አልኩ። ከስምንት ዓመት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን ባጃጅ ይነዳል። እውነቱን ነው። አርፍዶ የመጣን ልጅ ጠጠር ላይ፣ በፀሐይ፣ እጁን አስነስቼ አንበረክክ ነበር። እኛም ያደግነው እንዲያ ነው፣ ግን ይሄ ምክንያት አይሆንም። ከተውኩት ቆይቷል። እሱ ግን ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ሱሪውን ሰብስቦ አሳየኝ። ትንሽ ነው፣ የምስር ፍሬ ያህላል። አልተቆጣም፤ ለክርክሩ ብሎ ነው ያመጣው። ሰው ተገዶ ሲንበረከክና ወዶ ሲንበረከክ አንድ እንዳልሆነ ሊል ነው። ዛሃ ምን እንደተሰማው ከእኔ ይልቅ ያ ልጅ ገብቶታል። ቤቱ ውስጥ ሁሉም እያየኝ “ይቅርታ አድርግልኝ” አልኩት። “ኧረ ቲቸር፣ ምን ሆነው?” ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። ባለቤቱ ምንም አላሉም። 2፡30 ሊሞላ ሲል ሪሞቱን አንስተው ድምፁን መለሱት።

የቤቱን ዋጋ ልጨርስ። መግቢያው 30 ብር ነው፣ ትልቅ ጨዋታ ሲሆን 50። ቡናውን የምታፈላው ልጅ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ቡናው ወፍራም ነው፣ እስከ በረካ ከጠበቃችሁ ደግሞ ከእጣኑ ጋር ይጣፍጣል። ቆሎው አንዳንዴ ያረጀ ነው፣ ቀምሳችሁ ግዙ። ሴት ከሆናችሁ ከቡናዋ ጎን ያለው አግዳሚ ይሻላል። ግድግዳው መደገፊያ ይሆናችኋል፣ ለመውጣትም ቅርብ ነው። ቅዳሜ ከ11፡30 በፊት ካልደረሳችሁ ቆማችሁ ነው የምታዩት። የማታው ጨዋታ ሲያልቅ ባጃጅ ስለሚጠፋ ቀድማችሁ አንዱን ተቀጣጠሩ። እኔን ያ ልጅ ነው የሚያደርሰኝ። ሒሳቡን እንደማንኛውም ሰው እከፍለዋለሁ።