ማድረቂያ ብለው የሸጡልኝ ማሽን፦ ከሰባት ወር በኋላ

ዛሬ ጠዋት የሚጣን የሽንት ጨርቆች ከገመድ ላይ ሳወርድ ደርቀዋል። በነሐሴ፣ ጎንደር ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ የሰቀልኳቸው ናቸው። አላመንኩም፤ አንዱን ጉንጬ ላይ አስጠግቼ አየሁት። ደርቋል። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው። ግንቦት ላይ ብጽፈው ኖሮ ከስድብ በቀር ምንም አይወጣኝም ነበር።

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን የገዛነው ጥር ላይ ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ሰሚ አውቶማቲክ የሚሉት ባለሁለት ገንዳ ነው። በአንዱ ጎን ያጥባል፣ በሌላው ጎን ያሽከረክራል። የምንኖረው ሳሙና በር ነው፤ አትሳቁ። ማሙሽ ያኔ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር፣ ሚጣ ገና ሁለት ወሯ። ዳይፐር የምናደርግላት ለሌሊት ብቻ ነው፤ ቀን ቀን ጨርቅ ነው። አሥር አሥራ ሁለት ጨርቅ በቀን ትጨርሳለች። ማሙሽም ሱሪው ላይ መልቀቁን ገና አልተወም ነበር፣ የሱንም ደምሩበት። የማሽኑን ስም አልጠራም። ዋጋውንም አልናገር። ዛሬ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ሌላ ዋጋ ይነግሯችሁና እኔን ውሸታም ታደርጉኛላችሁ።

ሻጩ ትንሿን ገንዳ መታ መታ እያደረገ «ይሄ ማድረቂያው ነው እህቴ» አለኝ። ማድረቂያ። ቃሏን ያዙልኝ። እኔ ማድረቂያ ሲባል አውጥቼ፣ አጣጥፌ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የማስገባው መሰለኝ። ለባለቤቴም እንደዚያ ብዬ ነው ያሳመንኩት።

የመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ሞልቼ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። ክዳኑን ከፈትኩ። ጨርቁ እርጥብ ነው። አይንጠባጠብም፣ ግን እርጥብ ነው። እንደገና አምስት ደቂቃ ሞላሁ። ያው ነው። ባለቤቴ ፊቴን አየና ዳቦ እንዳለቀ ትዝ ብሎት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ከሻጩ ጋር ያልተነጋገርኩበት ቀን የለም፣ እሱ ባይሰማኝም። እንጀራ ስጋግር እከራከረዋለሁ። ሚጣን ሳጠባ እከራከረዋለሁ። «ለእናትህ ብትሸጥላት ማድረቂያ ነው ትላት ነበር?» እለዋለሁ። «እህቴ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ያ ነው የሚያናድደው።

ደግሞም እስከ ግንቦት ድረስ በዚያች ገንዳ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። የበጋ ፀሐይ ባለበት ማን ማሽከርከር ያስፈልገዋል? ጠዋት የሰጣችሁትን ቡና ሳይፈላ ታነሱታላችሁ። ክዳኗ ላይ የሳሙና ሳህንና የማሙሽን ኳስ አስቀመጥኩበት። የማጠቢያው ጎን ይሠራል፣ ስለሱ ብዙ የምለው የለም።

ሐምሌ ገባ።

የማሙሽን የመጀመሪያ ክረምት ላስታውሳችሁ፣ ያኔ ስድስት ወሩ ነበር። ማሽን የለንም። ጨርቁን በእጄ እጨምቃለሁ፣ ሦስት ቀን ተሰቅሎ ይውላል፣ ሳይደርቅ መሽተት ይጀምራል። እንደገና አጥባለሁ። ሲብስብኝ በር ከፍቼ ከሰል ምድጃ ዙሪያ ወንበር ደርድሬ እዘረጋለሁ። አማቴ ከዳባት ለጥየቃ መጡና ልጁን አንስተው ሳሙት። አንገቱን አሸተቱና «ምነው ልጄ፣ ይሄን ልጅ ቋንጣ አደረግሽው?» አሉኝ። ሳቅን። ማታ ግን አለቀስኩ።

እንግዲህ በዚህ ሐምሌ፣ ሁለት ቀን ሳያባራ ዘንቦ፣ ጨርቅ ሊያልቅብኝ ሦስት ሲቀረው፣ የሳሙና ሳህኑንና ኳሱን አንስቼ ያቺን ገንዳ ከፈትኩ። በንዴት ነው የከፈትኳት። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ጨርቅ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጨመቅኩ፣ ጠብ እስከማይል ድረስ። ከዚያ አስገባሁና የቱቦውን ጫፍ ጆግ ውስጥ ከተትኩ። ላጋልጠው ነበር ሐሳቤ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ እንደ ክር ቀጥኖ ይፈስ ጀመር። አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ጆጉን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ገለበጥኩት፤ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እኔ ጨምቄ ጨርሻለሁ ካልኩት ጨርቅ!

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በክረምት አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቦ ነው የሚውለው። ገመድ ላይ የሰቀላችሁትን ውሃ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ውሃው መውጣት ያለበት ልብሱ ከመሰቀሉ በፊት ነው። የእኔ ክንድ የሚያወጣው የተወሰነ ነው። በደቂቃ ከሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ከበሮ የሚያወጣው ሌላ ነው። ማድረቂያ አይደለም። መጭመቂያ ነው። ግን እንዴት ያለ መጭመቂያ! ጋቢ እንኳ፣ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ጠምዝዞት አራት ቀን ሲያለቅስ የሚሰነብተው ጋቢ፣ በማግስቱ ማታ ተለበሰ። ጋቢ ስታስገቡ ብቻውን ይሁን፣ በደንብ አስተካክላችሁ ዙሪያውን አስቀምጡት። አለበለዚያ ማሽኑ እስክስታ እየወረደ በር ድረስ ይመጣል።

አሁን ደግሞ «አውቶማቲክ ብትገዢ ይሻልሽ ነበር» ለሚሉኝ። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትደውል ሁሌ ይህን ሳትል አትዘጋም። እህቴ፣ አውቶማቲኩ ውሃውን ከቧንቧ ነው የሚስበው፣ ግፊት ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም። ሲመጣም በእኩለ ሌሊት ይመጣል፤ ሮቶውንና ጀሪካኑን እንሞላለን፣ እንተኛለን። ሮቷችን ደግሞ መሬት ላይ ናት። የእኔ ማሽን በጆግ ብትሞሉለት አይጠይቅም። ነጩን አጥባለሁ፣ በዚያው የሳሙና ውሃ የማሙሽን ሱሪ እደግማለሁ፣ በተረፈው በረንዳ ይታጠባል። አፄ ፋሲል መዋኛቸውን የሚሞላላቸው የቀሃ ወንዝ ነበራቸው። እኔ ያለኝ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው።

በሰኔ ውሃው አልወርድ ብሎ ያስቸገረኝንም ልንገራችሁ። ይህ ማሽን ፓምፕ የለውም፣ ውሃው በራሱ ቁልቁል ነው የሚወጣው። ቱቦው ከፍ ካለ እዚያው ይቀራል። ቱቦውን ዝቅ አደረግሁ፣ ጠመዘዝኩ፣ ነፋሁበት። ሠራተኛ ጠራን። ከማጠቢያው መውረጃ ሥር ያበጠ ሽምብራ አወጣ፤ እፍኝ ይሆናል። አንዷ አብቅላለች። ማሙሽን «ለምን ከተትክበት?» ስለው «ርቦት» አለኝ።

ይህ ያስቃል። የሚያስፈራውንም ባለ ልጅ ሁሉ ይስማኝ። ሰኔ ላይ በዚያው ቀን ሠራተኛው የማሽከርከሪያውን ክዳን ከፈተና «ይሄ እኮ ቶሎ አይቆምም» አለኝ። እኔ ስለማልጠቀምበት ልብ አላልኩትም። አብረን ቆጠርን፤ ክዳኑ ተከፍቶ ከበሮው እስከ አሥራ አራት ስንቆጥር ይዞራል። ወዲያው ነበር መቆም ያለበት። ማሙሽ በርጩማ ካገኘ እጁ እዚያ ይደርሳል። ፍሬኑ እንደ ብስክሌት በቀጭን ሽቦ ከክዳኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሽቦው ላልቶ ነው። አጠበቀው፣ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ ዋስትናው ሲያወራ ስለዚህች ሽቦ ትንፍሽ አላለም። አሁን በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍቼ እቆጥራለሁ። ስጨርስ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ገንዳው ውስጥ ውሃ አላሳድርም፤ ለሕፃን ትንሽ ውሃም አደጋ ነው። በርጩማው ቁም ሳጥን ላይ ወጥቷል።

ሚጣ ደግሞ ድምፁን ወዳዋለች። ማጠቢያው ዥው ይላል፣ ይቆማል፣ ወደ ሌላው ጎን ዥው ይላል። ጀርባዬ ላይ አዝያት ገንዳው አጠገብ ከቆምኩ ሦስተኛው ዥው ላይ ጭንቅላቷ ይወድቃል። ይህን ሻጩ ቢያውቅ ኖሮ ዋጋ ይጨምርበት ነበር።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። ቡሄ አልፏል፣ ውጭ ግን አሁንም እየወረደ ነው። በባጃጅ በዚያ ሱቅ ፊት ባለፍኩ ቁጥር ሻጩ በር ላይ ቆሞ አየዋለሁ። አንድ ቀን ወርጄ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እኮ ማድረቂያ አይደለም» ልለው አስባለሁ። «ታዲያ መልሺው» ይለኛል፣ አውቀዋለሁ።

መስቀል ይለፍና ያን ጊዜ ጠይቀኝ እለዋለሁ።