ካምቢዮ አላወርድም ላለው መካኒክ

ለሚገባው ሰው ምስጋና መንፈግ ነውር ስለሆነ በአደባባይ ላመስግን። ቄራ አካባቢ፣ ሦስት መኪና በማያቆም ጠባብ ግቢ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ አለ። ሦስት ጋራዥ ያልደረሰበትን የሞተር ዘይት ፍሳሽ አንድ ቀን ውሎ ከምንጩ ያዘው። እጁ ይባረክ። መኪናችሁ ከስር ዘይት የምትጥል ከሆነ፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ ከመባሉ በፊት ለእሱ አሳዩት።

መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት፤ ባለ 1.6 ሞተር፣ ቶዮታ 3ዜድዜድ የሚለው፣ ማርሿ በእጅ። ዘይቷ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ነው። ማታ ከስሯ የተነጠፈ ካርቶን ጠዋት የስኒ አፍ የሚያህል ጥቁር ክብ ይዞ ያድራል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ የዘይት መለኪያው ከላይኛው ምልክት ታችኛው ላይ ይደርሳል።

ከዚያ በፊት የተደረገው ያንገበግባል። ስም አልጠራም። የመጀመሪያዎቹ በባትሪ ከስር አይተው፣ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ላይ ጠብታ ስላገኙ ብቻ "የኋላው ፓራኦሊዮ ነው" አሉ፤ ከሞተሩ ዋና ዘንግ የኋላ ጫፍ ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዘው ማኅተም ማለት ነው። ካምቢዮ ወረደ፣ ፍሪሲዮን ተፈታ፣ ደህና የነበረ ፓራኦሊዮ ተቀየረ፣ የሁለት ቀን የእጅ ዋጋ ተከፈለ። በሳምንቱ ካርቶኑ ላይ ያው ክብ። ሁለተኛው ጋራዥ ኮፓውን (ከሞተሩ ስር ያለውን የዘይት ገንዳ) አውርዶ ሲሊኮን ደፋበት፤ ደፋበት ነው የምለው፣ ዙሪያውን እንደ ክሬም ተርፎ ወጥቶ ነበር። ሦስተኛው የኮፔርኪዮውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የመጋጠሚያ ማሸጊያውን፣ ቀየረና ብሎኖቹን ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀ። በዚያ ላይ 3.7 ሊትር ለሚይዝ ሞተር ባለ 4 ሊትሩን ጀሪካን አንጠፍጥፎ ገለበጠበት። ሦስቱም ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር፤ "መኪናዋ አርጅታለች"።

አላረጀችም። ስህተቱ የሦስቱም አንድ ነው፤ ጠብታው የተንጠለጠለበትን ቦታ ምንጩ ነው ብለው ያዙ። ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከዚያ የኮፓውን ከንፈር ይዞ ይንሸራተትና ዝቅ ያለ ጥግ ሲያገኝ ይንጠባጠባል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት እርጥብ ከሆነው ሁሉ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀድሞ ያለው ነጥብ ነው። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ረጅም ሰዓት ያያል።

ይህ ልጅም ያደረገው እሱን ነው። መጀመሪያ ጠብታውን በነጭ ጨርቅ ተቀብሎ አየው፣ አሸተተው። የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚል ነው። ቀላ ያለ ከሆነ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሊሆን ይችላል። የሞተር ዘይት መሆኑን ሲያረጋግጥ ከስር ገብቶ፣ ካምቢዮው ሞተሩን በሚነካበት መጋጠሚያ ውስጥ በባትሪ ተመለከተ። የኋላው ፓራኦሊዮ ሲያፈስ ዘይቱ ከውስጥ፣ ከፍሪሲዮን ቤት ነው የሚመጣው። ውስጡ ደረቅ አቧራ ነበር፤ እርጥቡ ከውጭ ብቻ። ወጥቶ እጁን እየጠረገ "ጋሼ፣ ካምቢዮ አላወርድም። ከዚህ አይደለም" አለ። ካምቢዮ ማውረድ ለእሱ ትልቅ ገንዘብ ነው። ቢያወርደው ማንም አያውቅበትም ነበር። ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ለዚህች ቃል ነው።

ቀጥሎ ፒሲቪ ቫልቩን አወጣ፤ የሞተሩ መተንፈሻ ማለት ነው። ይህ ቫልቭ ሲዘጋ ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በየጓርኒሲዮኑና በየፓራኦሊዮው ይገፋዋል፤ አዲስ ጓርኒሲዮን እንኳ ያልባል። ሲነቀነቅ ቅጭልጭል ማለት አለበት። በሞተሩ በኩል ሲነፉበት አየር እንደልብ ያልፋል፣ በማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቧንቧ) በኩል ሲነፉበት ግን እምብዛም አያሳልፍም። የዚህኛው በጥቁር ዝቃጭ ተጣብቆ ድምፅ የለውም፤ ተቀየረ። "ይህ ብቻውን አይደለም፣ ግን ይህን ትተን ሌላውን ብንደፍን በሌላ በኩል ይወጣል" አለ። ሦስቱ ጋራዦች ይህን ቫልቭ ነክተውት አያውቁም።

ከዚያ እጥበት። ዲናሞውንና የካንዴላ ኮይሎቹን በፌስታል ሸፍኖ፣ ሞተሩን በቅባት ማጽጃና በብሩሽ ከላይ እስከ ታች አጽድቶ በኮምፕሬሰር አደረቀው። ሲደርቅ የሕፃናት ፓውደር ነሰነሰበት፤ ነጩ ላይ የምትወርድ ዘይት የምትሄድበትን መስመር እያሳየች ትወርዳለች። ቆሞ 10 ደቂቃ ሲሠራ ምንም አልታየም። ሌላ ሰው ቢሆን "ቆሟል፣ ውሰዱት" ይል ነበር። እሱ ግን ዘይት ሲሞቅ እንደሚቀጥን፣ ሞተሩ ሲጫን ግፊቱ እንደሚጨምር ያውቃልና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አስወጣት። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ዳገቱን ሙሉ። ሲመለስ ካቴናው (የሞተሩን የላይና የታች ዘንጎች የሚያገናኘው ሰንሰለት) ባለበት ጎን ፓውደሩ ላይ አንድ ቡናማ መስመር ነበር፤ መነሻው ግን እዚያ ከተጠጋጉት ክፍሎች ከየትኛው እንደሆነ አይለይም።

እዚህ ላይ አልገመተም። 30 ሚሊ ሊትር ያህል የፍሳሽ መፈለጊያ ቀለም ዘይቱ ውስጥ ጨምሮ እንደገና አሞቃት፣ ግቢውን በሸራ አጨለመና በወይንጠጅ መብራት ፈለገ። የጥርስ ሐኪም ዓይነት ባለ ዘንግ ትንሽ መስታወት በአንድ እጁ፣ መብራቱ በሌላው። ከዚያ "ጋሼ፣ ይምጡ ይዩት፤ በኋላ መካኒኩ አለኝ እንዳይሉ" ብሎ ቦታውን ለቀቀ። መስታወቱ ውስጥ፣ የካቴናው ቴንሽነር ሞተሩ ላይ የሚቀመጥበት ዙሪያ፣ ቢጫ አረንጓዴ ብርሃን የምትሰጥ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ቀስ ብላ ሞላች፣ ተወጠረች፣ ወረደች። ሌላዋ ተተካች። ከእሷ በላይ ያለው ሁሉ ጨለማ ነበር፤ ከእሷ በታች እስከ ኮፓው ድረስ ክር የመሰለ ብርሃን።

ለዜድዜድ ሞተሮች ይህ የታወቀ በሽታ ነው። ቴንሽነሩ በዘይት ግፊት ካቴናውን የሚወጥር ነው፤ ከስሩ አንዲት ኦሪንግ፣ ማለትም ክብ የጎማ ማኅተም፣ አለችው። ጎማዋ በዓመታት ሙቀት ደርቃ ትደነድናለች፣ ትዘረጋለች፣ ከዚያ አትይዝም። የኦሪንጓ ዋጋ ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም። ሶማሌ ተራ ትገኛለች፤ ኦሪጅናሏን ጠይቁ፤ ከቧንቧ ዕቃ መደብር የሚገዛ ተራ ጥቁር ጎማ ሙቀቱንም ዘይቱንም አይችልም።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሁለት 10 ቁጥር ዳዶ ብቻ ነው። የሚያበላሸው ግን እዚያ ነው። ቴንሽነሩ ወጥቶ ሳለ ሞተሩ ጥቂት ቢዞር ካቴናው ጥርስ ሊዘል ይችላል፤ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን እስከመጋጨት ይደርሳል። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ የመኪናዋን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ ማርሹን ነፃ አደረገ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ። ማርሽ ውስጥ ያለች መኪና ሰው ገፋ ቢያደርጋት ሞተሩ ይዞራልና። አሮጌዋን ኦሪንግ በጣቱ ጎንበስ ሲያደርጋት እንደ ደረቅ ፓስታ ቀጭ አለች።

አዲሷን በንጹሕ ዘይት አርሶ አስቀመጣት። የቴንሽነሩን ፕላንጀር (ካቴናውን የሚገፋውን ዘንግ) ወደ ውስጥ ተጭኖ በትንሿ መንጠቆ ያዘው፣ ቦታው መለሰው፣ ዳዶዎቹን እያፈራረቀ አጠበቀ። የማጥበቂያ ልኩ 9 ኒውተን ሜትር ነው፤ በመካኒክ አነጋገር አንድ ኪሎ አይሞላም፣ በጉልበት የሚጠበቅ አይደለም። ከዚያ በክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ ብሎን ላይ ቡሶላ አግብቶ ሞተሩን በእጁ ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዞረው። ወደ ግራ ሲዞር ካቴናው ፕላንጀሩን ይገፋውና መንጠቆው ይላቀቃል፤ ወደ ቀኝ ሲመለስ ፕላንጀሩ ወጥቶ ይወጥራል። ይህን የሚዘለው መካኒክ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ካቴናው ላላ ብሎ ሞተሩ ሲነሳ ይንኳኳል።

ሌሎቹ ያበላሹትንም አልፎ አልሄደም። ከኮፓው ዙሪያ የተረፈውን ሲሊኮን አይቶ "ከውጭ ይህን ያህል ከወጣ ከውስጥም ይህን ያህል ገብቷል" አለና አወረደው። የዘይት ፓምፑ ወንፊት ላይ የተጣበቁ የሲሊኮን ክሮች በመርፌ አፍንጫ ፒንሳ አንድ በአንድ ለቀመ። ወንፊቱ ቢዘጋ ሞተሩ ዘይት ያጣል፤ ያኔ የሚወራው ስለ ፍሳሽ ሳይሆን ስለ ሞተር እድሳት ነው። ኮፓውን ሲመልስ ሁለቱንም ፊቶች ዘይት እስከማይቀርባቸው ድረስ አጽድቶ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሲሊኮን ከብሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል አሰመረ። በ3 ደቂቃ ውስጥ ገጠመው፣ ዘይት ሳይሞላ ከ2 ሰዓት በላይ አቆየው።

ኮፔርኪዮውንም ፈትቶ ሞተሩ ፊት ያለው የካቴና ሽፋንና ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) በሚገናኙባቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ጠብ ጠብ ያለ ሲሊኮን አደረገ። እዚያ ጓርኒሲዮኑ ብቻውን አይበቃም፤ ሦስተኛው ጋራዥ የረሳው ይህን ነበር። ብሎኖቹን ከመሐል ጀምሮ በአንድ ኪሎ ገደማ አጠበቀ። የኮፓውን ማፍሰሻ ብሎን በአዲስ ዋሸር በ37 ኒውተን ሜትር። አሮጌው የፊልትሮ ጎማ ብሎኩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣቱ ዳስሶ አየ። ዘይቱንም 3 ሊትር ተኩል ሞልቶ፣ አስነስቶ፣ አጥፍቶ፣ 5 ደቂቃ ጠብቆ፣ የጎደለውን እስከ ምልክቱ ብቻ ጨመረ። የተረፈው ከነጀሪካኑ ተመለሰ።

ክፍያው ከመጀመሪያው ጋራዥ ሂሳብ ግማሽ አልደረሰም። የተቀየሩትን ዕቃዎች ሁሉ፣ የተሰበረችዋን ኦሪንግ ጭምር፣ በፌስታል አድርጎ አስረከበ። "500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ አምጧት፣ በነፃ አያታለሁ" አለ፤ ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ደወለ። ደረቅ ነበረች፤ ካርቶኑም ንጹሕ። ያን ጊዜም እውነቱን አልደበቀም። ፍሳሽ ቆመ ማለት ዘይት አይጎድልም ማለት አይደለም። የዜድዜድ ቤተሰብ ሞተሮች፣ በተለይ በፈረንጅ ከ2005 በፊት የተሠሩት ባለ 1.8ቱ፣ የፒስተን ቀለበታቸው ዘይት የማቃጠል ችግር አለበት። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ መለኪያውን አይቶ መመዝገብ ነው፤ ሳያፈስ ከጎደለ እያቃጠለ ነው፣ ያንን ደግሞ ኦሪንግ አይፈውሰውም።

እንዲህ ያለ ሰው ሥራ መፍታት የለበትም። ሂዱለት፣ ለጎረቤት ንገሩለት፣ ቦሎ ሳይደርስባችሁ አሳዩት። ስልኩን እሱን ሳላስፈቅድ እዚህ አላሰፍርም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ደውዬ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። በቀጠሮ ነው የሚሠራው፣ ታገሡት፤ በቀን ከሁለት መኪና በላይ አይቀበልም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ወደ እሱ ከመሄዳችሁ በፊት ሞተሩን ላቫጆ አታሳጥቡ። ቆሻሻው የት እንደተጠራቀመ፣ እርጥቡ ከየት እንደሚጀምር መጀመሪያ እሱ ማየት ይፈልጋል፤ እጥበቱን ራሱ ያደርገዋል።