ክሊኒካል ዓመት (የሕክምና ተማሪ ሆስፒታል ገብቶ የሚማርበት)፦ ጥቁር አንበሳ ወይስ ክልል ሆስፒታል?

ኬዝ፦ ጥቁር አንበሳ ካንሰሩም የልቡም ከየክልሉ ሪፈር የተባለው ከባድ ኬዝ ሁሉ አለ። ክልል ላይ ወባ፣ ቲቢ፣ የሳንባ ምች፣ ምጥ ነው የሚበዛው፣ ተመርቀህ ስትመደብ የሚጠብቅህም እሱ ነው።

እጅ፦ ጥቁር አንበሳ ሲኒየሩ (ስፔሻሊስቱ)፣ ረዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም)፣ ኢንተርኑ (የመጨረሻ ዓመት ተማሪው) አልጋውን ከቦት አንተ ከኋላ አንገትህን አስግገህ ነው የምታየው። እኔ ክልል ሲ ዋን (የመጀመሪያው ክሊኒካል ዓመት) እያለሁ ሌሊት 9 ሰዓት ሚድዋይፏ "ና ጓንት አድርግ" ብላኝ አጠገቤ ቆማ የመጀመሪያዋን ሕፃን በእጄ ተቀበልኩ፣ ፓርቶግራፉንም (የምጡ ሂደት የሚመዘገብበትን ቅጽ) እያሳየችኝ ሞላሁት፣ እስካሁን አይረሳኝም።

ሪስክ፦ ክልል ስፔሻሊስት ካነሰ የሚያርምህ የለም፣ ስህተትህ ልማድ ይሆናል፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ብርቅ ኬዝና ሰብስፔሻሊቲ (በስፔሻሊቲ ውስጥ ያለ ጠባብ ዘርፍ) ማየት ለሚፈልግ አዲስ አበባ፤ እጁን ማፍታታት ለሚፈልግ ክልል፣ ግን ሲኒየሮቹ በየቀኑ ራውንድ እንደሚያደርጉ (ከተማሪ ጋር እየዞሩ በሽተኛ እንደሚያዩ) ቀድሞ ይጠይቅ።