ሲ18 ኮለም በድሬዳዋ ሙቀት፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ይህን ሲ18 ኮለም፣ ማለትም ፈሳሽ ሲገፋበት የተቀላቀሉ ንጥረ ነገሮችን የሚለያይ ቱቦ፣ ታኅሣሥ ላይ ስገዛው እስከ ነሐሴ ይዘልቅልኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ርዝመቱ 250 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 4.6 ሚሊ ሜትር፣ የታጨቀበት የሲሊካ ቅንጣት 5 ማይክሮን ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ከፈቃደኛ ጫት ቃሚዎች ሽንት የጫቱን አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖንን፣ ለይቶ ማሳየት። ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ሲሆን በአንጎል የተከማቸ ዶፓሚን ያስለቅቃል። ሰውነት ግን አብዛኛውን ወደ ኖርኤፌድሪን ስለሚለውጠው፣ ሳይለወጥ በሽንት የሚወጣው ጥቂቱ ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት ያቃተው ኮለም ለእኔ ብረት ነው።

ይኸኛው አላሳፈረኝም። እንዲህ ያሉ አሚኖች (ናይትሮጅን ያለባቸው ውህዶች) ሲሊካው ላይ እየተጣበቁ ፒኩን፣ ማለትም ንጥረ ነገሩ ሲወጣ ግራፉ ላይ የሚታየውን ሹል ጉብታ፣ ጅራታም ያደርጉታል፤ በኮለሙ የሚያልፈውን የፎስፌት ቡፈር (አሲድነቱ እንዳይዋዥቅ የሚያደርግ የጨው ፈሳሽ) ፒኤች 2.5 አድርጌ ጥቂት ትራይኤቲልአሚን የተባለ ሌላ አሚን ስጨምር ግን ሁለቱም ቀጥ ብለው ወጡ። አንድ ቀን በአልካሊ (በአሲድ ተቃራኒ) ያወጣሁትን ናሙና ትቼ ምሳ በልቼ ስመለስ የካቲኖኑ ፒክ ጫጭቶ ጠበቀኝ። ኮለሙን ስወቅስ ዋልኩ። ለካስ ካቲኖን በአልካሊ ውስጥ እርስ በርሱ እየተጣመረ ይጠፋል፤ ቶሎ አሲድ ማድረግ ነበረብኝ።

እውነተኛው ፈተና ግንቦት ላይ መጣ። ገንዘብ ቆጥቤ የኮለም ማሞቂያ ሳጥን አልገዛሁም ነበር። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ንጥረ ነገሩ ከኮለሙ የሚወጣበት ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ያጥራል። ለማነጻጸሪያ የምጠቀምበትን ንጹሕ ካቲኖን ጠዋት በቀዝቃዛው አሳልፋለሁ፤ ናሙናው ግን በርጫው ካለቀ በኋላ፣ ክፍሉ እንደ ምጣድ በጋለበት ሰዓት ይደርሳል። ጠዋት በ9.2 ደቂቃ የወጣው ካቲኖን ማታ በ8.3 ይመጣና ሶፍትዌሩ በጠዋቱ ደቂቃ ላይ ስለሚፈልገው «አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ጉንጩን ወጥሮ መጥቶ!

አንድ ቅዳሜ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ቡፈሩ ኮለሙ ውስጥ አደረ። መጋጠሚያውን ስፈታው ነጭ ጨው ጣቴ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ተንኮሻኮሸ፤ ግፊቱ ከ110 ወደ 190 ባር ወጥቶ ነበር። አሴቶኒትሪል የተባለውን ማሟሚያ ወዲያው ብለቅበት ጨው የባሰ ይረጋ ነበርና 10 በመቶ ሜታኖል ያለበትን ውሃ በደቂቃ 0.2 ሚሊ ሊትር እያሳለፍኩ ግማሽ ቀን አጠብኩት። ወደ 125 ተመለሰ። ያዳነው ከፊቱ ያለችው ትንሿ መከላከያ ኮለም ናት፤ እስካሁን አራት ጊዜ ቀይሬያታለሁ።

አሁን የኖርኤፌድሪኑ ፒክ ጎኑ ላይ ትከሻ ማውጣት ጀምሯል፤ ኮለሙ እያረጀ ነው። ያንኑ ዓይነት ሁለተኛ አዝዣለሁ፤ መጀመሪያ የጠየቅሁት ግን የማሞቂያ ሳጥኑን ዋጋ ነው።